ኮሪያውያን «ሃን» ሲሉ እንዴት እንስማቸው?

ኅዳር ወር ነበር። ሞክፖ ከተማ፣ በአማቴ ቤት በረንዳ ላይ ለክረምቱ ኪምቺ የሚሆን ጎመን ጨው እየነሰነስን ነው። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። አማቴ አንዱን ጎመን ለሁለት ሰንጥቀው ጨው በቅጠሎቹ መሃል እየበተኑ፣ ቀና ሳይሉ፣ «እኔ ባለመማሬ ሃን ተቋጥሮብኛል» አሉ።

ያኔ ኮሪያ ከገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ቋንቋውን ለመድኩ የምልበት ጊዜ። ቶሎ ብዬ «ኦሞኒም፣ ያለፈ ነገር ነው፣ ይርሱት። ልጆችዎ እኮ ተምረዋል» አልኳቸው። ኦሞኒም ማለት «እናቴ» ነው፣ ምራት አማቷን የምትጠራበት የአክብሮት ስም። «እሺ» አሉኝ። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ከ«ብዪ» እና ከ«ውሃውን አጥፊው» በቀር አላናገሩኝም።

ባለቤቴ ነው የነገረኝ። «እናቴ አጽናኚኝ አላለችሽም። ስሚኝ ነው ያለችሽ» አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ይህችን ቃል እግር በእግር ተከትያታለሁ። አሁን ሞክፖ ስኖር ከአስር ዓመት አልፎኛል። እዚህ የሚማሩ፣ ፋብሪካ የሚሠሩ፣ እንደኔ ያገቡ የአገሬ ልጆች በየጊዜው «ሃን ምንድነው?» ይሉኛል። ከኮሪያ ድራማ ላይ ሰምተው የሚጠይቁኝም አሉ። ያኔ እኔ እንዲነገረኝ እፈልግ የነበረውን ነው የምጽፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹም፣ ወሮቹና ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ግሱን ያዙ

«ሃን ማለት ሐዘን ነው» ብላችሁ መዝገበ ቃላቱን ከዘጋችሁት መንገዱን ስታችሁታል። ኮሪያውያን ይህን ቃል ብቻውን እምብዛም አያወሩትም፣ ከግስ ጋር ነው። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ «ሃኒ ሜቺዳ» ነው፣ ሃን ተቋጠረ። ሌላው «ሃኑል ፑልዳ»፣ ሃንን ፈታ። የሚቋጠርና የሚፈታ ነገር ነው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሃን ብሎ ሲጀምር፣ ምን እንደተቋጠረና እስካሁን ለምን እንዳልተፈታ ለመስማት ተዘጋጁ።

በቻይና ፊደል ሲጻፍ በስተግራ የልብ ምልክት አለ። በስተቀኝ ያለው ደግሞ ቆሞ መቅረትን፣ መርጋትን የሚያመለክት ነው። ልብ ላይ የረጋ ነገር እንበለው። ያው ፊደል በቻይንኛ ጥላቻ ማለት ነው፣ በጃፓንኛ ደግሞ ወደ ቂም ያደላል። በኮሪያኛ ግን ሌላ መንገድ ይዟል።

እዚህ ላይ አማርኛችን ያግዘናል፣ ያሳስተናልም። እኛም «ቂም ቋጠረ» እንላለን፣ ቋጠሮው አለን። ቂም ግን አድራሻ አለው፣ የሚቋጠረው በሆነ ሰው ላይ ነው። ሃን በራስ ውስጥ ነው የሚቋጠረው። በዳዩ የታወቀም ቢሆን፣ ጦርነት ወይም ድህነት ሆኖ የሚከሰስ ቢጠፋም፣ የሚቆረጥመው ሳይሆን የቀረው ነገር ነው። ያልተማርኩት፣ ያልቀበርኩት፣ ያልተሰናበትኩት። ለቂም ኮሪያውያን «ዎን» የሚባል ሌላ ቃል አላቸው፣ እሱ በበቀል ሊረካ ይችላል። ለሃን በቀል መድኃኒቱ አይደለም። እኔ በአማርኛ ስተረጉመው «ቁጭት» እላለሁ፣ አጠገቡ ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» የምንለውን አስቀምጣለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ይቀርቡታል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይገጥሙትም።

የሃንና የቂም ድንበር አንዳንዴ እንደሚደባለቅ የሚያሳይ አንድ ተረትም አላቸው። ሴት ሃን ከያዘች በአምስተኛውና በስድስተኛው የጨረቃ ወር ውርጭ ይወርዳል ይላሉ። በኮሪያ ይህ ጊዜ ሙቀቱ የሚያቃጥልበት ነው። አማቴ ይህን ተረት ሲጠቅሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

አንድ ጥንቃቄ ለጀማሪ፦ «ሃንጉክ» (አገሪቱ)፣ «ሃንቦክ» (ልብሱ)፣ «ሃንጋንግ» (ወንዙ) ውስጥ ያለው ሃን ሌላ ቃል ነው። ድምፁ ብቻ ነው የሚመሳሰለው። በየቦታው ሐዘን አትፈልጉ።

ደግሞ በደስታ ቀንም ትሰሙታላችሁ። አንድ አዛውንት የልጅ ልጃቸውን ሠርግ አይተው «አሁን ብሞትም ዮሃን የለኝም» ይላሉ። የቀረ ሃን የለኝም ማለት ነው። ያኔ እንኳን ደስ አለዎ በሉ።

ቋጠሮውን በዓይናችሁ እዩት

ከሞክፖ ወደ ጂንዶ ደሴት በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ድልድይ አለ። አማቴ የጂንዶ ተወላጅ ናቸው። ሃንን በቃል ከሚያስረዳችሁ ሰው ሁሉ ይልቅ ጂንዶ የሚደረገው «ሲትኪምጉት» ይበልጣል። ሲትኪም ማጠብ ነው። ጉት ደግሞ የባህላዊው እምነት መሪ በዜማና በጭፈራ የሚያካሂዱት ሥርዓት። ለሞተ ሰው ነው የሚደረገው፣ ያልፈታውን ይዞ እንዳይሄድ። ከ1980 ጀምሮ 72ኛው ብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። አሁን በየመንደሩ እንደድሮው አይደረግም፣ በመድረክ ግን ይታያል። ጂንዶ ያለው ብሔራዊ የናምዶ ጉጋክ ማዕከል የባህላዊ ሙዚቃ ትርኢቶች ያቀርባል፣ ሲትኪምጉት ያለበትን ቀን ጠይቃችሁ ሂዱ።

ስትሄዱ «ጎፑሪ» የሚባለውን ክፍል አያምልጣችሁ። ረጅም ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነው። በየመሃሉ በትልልቁ ተቋጥሯል፣ ቋጠሮዎቹ ከሩቅ እንደ ጡጫ ይታያሉ። የጨርቁ አንድ ጫፍ ከምሰሶ ጋር ታስሯል። ነጭ የለበሱት መሪ ሌላውን ጫፍ ይዘው ያዜማሉ። እያዜሙ ጨርቁን ያርገበግቡታል። አንዱ ቋጠሮ ይላላል። ወዲያው አይፈታም። ደግመው ያርገበግቡታል፣ ዜማው ከፍ ይላል፣ ከዚያ ጨርቁ በድንገት ዘርጋ ይላል። አንድ ተፈታ። ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ማንም ቢላ አያወጣም። ጊዜ ይወስዳል።

ቀጥሎ የሟቹን ልብስ በሰሌን ጠቅልለው ያቆሙታል፣ ሰው ቆሞ ይመስላል። አናቱ ላይ ሳህን ያደርጋሉ፣ በላዩ የድስት ክዳን ይደፋሉ። ያ ራሱ ነው። ከዚያ በትንሽ መጥረጊያ ያጥቡታል። መጀመሪያ ሱክ በሚሉት ቅጠል ውሃ፣ ከእኛ አሪቲ ወገን ነው። ቀጥሎ መዓዛ ባለው ውሃ፣ በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ። በስተመጨረሻ ረጅም ነጭ ጨርቅ ይዘረጋል፣ ቤተሰቡ ጫፍና ጫፉን ይይዛል። መንገዱ ነው። ሟቹ በእሱ ላይ ይሄዳል።

መጀመሪያ ያየሁት ከአማቴ ጋር ነው። አራተኛው ቋጠሮ ሲፈታ እጄን ጨበጡኝ፣ ትርኢቱ እስኪያልቅም አልለቀቁኝም። ስንወጣ ምንም አልተባባልንም። ያን ቀን ነው «ይርሱት» ያልኩት ቃል ምን እንደነበር የገባኝ። ቋጠሮውን በቢላ ልቆርጠው ነበር።

አዳማጭነትን ከፓንሶሪ ተማሩ

ፓንሶሪ በአንድ ዘፋኝና በአንድ ከበሮ መቺ የሚተረክ ረጅም ዜማ ነው። ሙሉው ለሰዓታት ይሄዳል። ዛሬ ድረስ የቆዩት አምስት ትረካዎች ናቸው። ዩኔስኮ በ2003 በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት አውቆታል። ከአምስቱ አንዱ የሺምቾንግ ታሪክ ነው። ሺምቾንግ የዓይነ ስውር አባቷን ብርሃን ለመመለስ በ300 ሶክ ሩዝ ራሷን ለመርከበኞች ሸጣ ባሕር ውስጥ ትገባለች። ሶክ የድሮ መስፈሪያ ነው። ኋላ ከባሕሩ ተርፋ ንግሥት ሆና ለዓይነ ስውራን ድግስ ትጠራለች፣ አባቷ ድምፅዋን ሲሰማ ዓይኑ ይበራል። ልብ በሉ፣ ታሪኩ በማልቀስ አያልቅም።

ለኛ ትምህርቱ ያለው ከበሮ መቺው ጋር ነው። «መጀመሪያ ከበሮ መቺው፣ ሁለተኛ ዘፋኙ» የሚል አባባል አላቸው። ከበሮ መቺው ዝም ብሎ አይመታም፣ በየመሃሉ «ኦልሺጉ»፣ «ቾታ»፣ «ክሮቺ» እያለ ጣል ያደርጋል። ይህ ቹይምሴ ይባላል። ተመልካቹም ያደርገዋል። ዘፋኙን አያቋርጠውም፣ ትንፋሽ ነው የሚሰጠው። አድምጦ የበቃ ሰው ደግሞ «ክዊ ሚዮንግቻንግ» ይባላል። የጆሮ ሊቅ እንበለው። ሳይዘፍን በመስማት ብቻ ሊቅ የሚባል ሰው አለ ማለት ነው። ይህንን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ታዲያ አንድ ሰው ሃኑን ሲያወራችሁ ከበሮ መቺ ሁኑ። እኔ የምላቸው ጥቂት ናቸው። «አይጎ» ሁሌም ይሠራል፣ እኛ «ወይኔ» እንደምንለው ነው፣ ረጋ ብላችሁ በሉት። «ኦልማና ሂምድሾሶዮ» ምን ያህል ቢከብድዎት ነው ማለት ነው። «ኮሴንግ ማኑሾሶዮ» ብዙ ተንገላተዋል፣ ብዙ ደክመዋል እንደማለት ነው። አንድ ጊዜ በሉና ዝም በሉ። በዝምታው አትደንግጡ። እጃችሁ ሥራ ይያዝ፣ ባቄላ መፈልፈልም ሆነ ልብስ ማጠፍ። ኮሪያውያን አዛውንት ፊት ለፊት ተፋጠው እንዲህ ያለ ነገር አያወሩም፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው።

የማይባሉትም አሉ። «ይርሱት» አይባልም። «ሌሎች ከዚህ የባሰ አይተዋል» አይባልም። «እኔም እኮ» ብሎ የራስን ታሪክ ማምጣትም ለሌላ ቀን ይቆይ። ምክር ካልተጠየቃችሁ አትምከሩ።

ሁለት ሌሎች ቃላትም ከሃን ጋር አብረው ይመጣሉ። «ኦጉል» ማለት ያለጥፋቴ ተበደልኩ፣ ፍትሕ አጣሁ ነው። «ታፕታፕ» ደግሞ ደረቴ ታፈነ። ወጣቶቹ ሃን ከማለት ይልቅ እነዚህን ነው የሚሉት። ሃን እንዲሆን ዓመታት መርጋት አለበት።

የአዛውንቱ ታክሲ

አንድ ማታ ከሞክፖ ባቡር ጣቢያ ታክሲ ያዝኩ። ሾፌሩ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ከየት ነሽ አሉኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው በመስታወቱ አዩኝ። «ወታደሮቻችሁ መጥተውልን ነበር» አሉ። የቃኘው ሻለቃ ጦር በ1951 ነው የገባው፣ ቹንቾን ከተማ መታሰቢያ ሐውልት አለው። ያን ዘመን ያየ አዛውንት ኢትዮጵያን ሲሰማ ብዙ ጊዜ ልቡ ይከፈታል። ለዚህ ነው የምነግራችሁ፣ ለኛ ሰዎች ከሌላው በበለጠ ያወሩናል። እንዲህ ያለ በር ሲከፈት ስልካችሁን አስቀምጡ።

ቤተሰባቸው በጦርነቱ ጊዜ ከሰሜን፣ ከህዋንግሄ ግዛት ሸሽቶ የመጣ ነው። መንገድ ላይ ታናሽ ወንድማቸው ጠፋ። እናታቸው በአንድ እጅ እሳቸውን፣ በአንድ እጅ ጥቅል ይዘው ነበር። ወንድምየው የጥቅሉን ገመድ ነበር የያዘው። ግርግሩ ሲያልፍ ገመዱ አለ፣ ልጁ የለም። እናታቸው ያንን ጥቅል እስኪሞቱ አልጣሉትም።

በ1983 ኬቢኤስ ቴሌቪዥን የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግ የቀጥታ ስርጭት ጀመረ። ሰኔ 30 ነበር የተጀመረው። ለአንድ ማታ ታስቦ 138 ቀን ሄደ፣ 453 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። ስቱዲዮ ከቀረቡት 53,536 ጉዳዮች 10,189 ተገናኙ። ሶል፣ የኦይዶ ሰፈር ያለው የጣቢያው ሕንፃ ግድግዳና አስፋልቱ ሳይቀር በወረቀት ተሸፈነ። እሳቸውም ካርቶን ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ዘጠኝ ቀን ቆመዋል። «ጆሮው ሥር ጠባሳ አለው ብዬ ጻፍኩ። ጠባሳ ያለው ሰው ስንት ነው መሰለሽ» አሉኝ።

ወንድማቸው አልተገኘም። ቤቴ ደጃፍ ደርሰን ቆጣሪውን አጥፍተው አሥር ደቂቃ ያህል አወሩ። ከአማቴ በረንዳ ወዲህ ተምሬያለሁ፣ «አይጎ» ብቻ ነው ያልኩት። ሲጨርሱ «አሁን ሂጂ፣ ይበርድሻል» አሉኝ።

እንዲህ ያሉ ሰዎችን የሚያውቅ፣ በጨረቃ አዲስ ዓመትና በመከር በዓሉ በቹሶክ ስልክ ይደውልላቸው። ከሰሜን የመጡት በእነዚህ ቀናት ድንበሩ አጠገብ ፓጁ ወዳለው ኢምጂንጋክ ይሄዳሉ። ማንግቤዳን የሚባል መሠዊያ አለ፣ ወደ ሰሜን ዞረው ይሰግዳሉ። የወላጆቻቸው መቃብር ወዲያ ማዶ ነው። ጦርነቱ በሐምሌ 27፣ 1953 በተኩስ አቁም ነው የቆመው፣ የሰላም ስምምነት የለም። በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ቤተሰብ ፊት ለፊት የተገናኘው ለመጨረሻ ጊዜ በነሐሴ 2018 ነው።

ለቅሶ ስትሄዱ

ይህ አጭር ነው፣ ግን ሳታውቁት አትሂዱ። ለቅሶ ቤት አይደረግም፣ ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ ባለ የለቅሶ አዳራሽ ነው፣ ሦስት ቀን። ጥቁር ልበሱ፣ ካልሲ አድርጉ፣ ጫማ ይወልቃልና። ገንዘቡ በነጭ ፖስታ ነው፣ ስማችሁን ከጀርባው ጻፉ። 50,000 ዎን የተለመደ ነው፣ ለቅርብ ሰው 100,000። ነጭ አበባ አስቀምጡ ወይም እጣን ለኩሱ። ለሟቹ ሁለት ጊዜ ስገዱ፣ ለሐዘንተኛው አንድ ጊዜ። በእምነታችሁ ምክንያት መስገድ ካልፈለጋችሁ አንገታችሁን ደፍታችሁ ጸልዩ፣ ማንም አይቀየማችሁም። ሞቅ ያለ ሰላምታ የለም። ከዚያ ቀዩን የበሬ ሥጋ ሾርባ፣ ዩክጌጃንግ፣ ተቀምጣችሁ ብሉ። መቀመጣችሁ ነው ማጽናናቱ። ሶጁ ብትጠጡ ብርጭቆ አታጋጩ።

«የሃን ሕዝብ ናችሁ» አትበሏቸው

ስለ ሃን ትንሽ ያነበበ ሰው ይህን ስህተት ይሠራል። እኔም ሠርቼዋለሁ። የባለቤቴ እህት ልጅ ሶል ነው የምትሠራው። አንድ ቹሶክ ላይ «እናንተ ኮሪያውያን ሃን በደማችሁ ነው» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። «አክስቴ፣ እኔን ያደከመኝ አሥራ ሁለት ሰዓት መሥራቴ ነው፣ ደሜ አይደለም» አለችኝ። ልክ ነበረች።

ቃሉ የቆየ ነው። «ሃን የአንድ ሕዝብ ጠባይ ነው» የሚለው ሐሳብ ግን የሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ አንዱ ምንጩም ከውጭ ነው። ጃፓን ኮሪያን ከ1910 እስከ 1945 ገዝታለች። በዚያ ዘመን ያናጊ ሙኔዮሺ የተባለ ጃፓናዊ የሥነ ጥበብ ሐያሲ ነበር። የኮሪያን ሸክላ ከልቡ ይወድ ነበር። የሶሉ ግዋንግህዋሙን በር እንዳይፈርስ በ1922 የተከራከረ ሰው ነው። የኮሪያ ጥበብ ውበት «የሐዘን ውበት» ነው ብሎ ጻፈ። የነጩን ልብስና የሸክላውን መስመር ሁሉ በሐዘን ተረጎመው። ወዳጅነቱ እውነት ነበር። ቢሆንም ተገዢን ሕዝብ በተፈጥሮው ያዘነ አድርጎ ማየት፣ ሐዘኑን ማን እንዳመጣው ያስረሳል። ኋላ ኮሪያውያን ራሳቸው ሐሳቡን ተረከቡት፣ ግን የራሳቸው አደረጉት። በ1970ዎቹ ሶ ናምዶንግን የመሰሉ የነገረ መለኮት ሰዎች ሃንን የተጨቆነ ሕዝብ ጩኸት አድርገው አስተማሩ። ድሃው ሠራተኛና ገበሬው የሚያሰማው፣ መልስ የሚፈልግ ጩኸት።

ስለዚህ ሃንን እንደ አየር ንብረት አታውሩት። የማን ነው? ከየትኛው ቀን ጀምሮ? ማን ነው ያልመለሰለት? ብላችሁ ጠይቁ፣ ለራሳችሁም ቢሆን። ደግሞ «ሁንግ» የሚባል አለ፣ ከሆድ የሚነሳ ደስታ፣ ትከሻ የሚያስነቀንቅ። አማቴ የገበያ ጓደኞቻቸው ጋር ሲጨፍሩ ብታዩ እንባና ሁንግ አንድ ቤት እንደሚያድሩ ይገባችኋል። አሪራንግን እንኳ ስሙት። ጥሎኝ የሄደው አሥር ሪ፣ አራት ኪሎ ሜትር ግድም፣ ሳይሄድ እግሩ ይታመማል የሚል ነው። በዚህ ዜማ ያለቅሱበታልም፣ ይጨፍሩበታልም።

ዛሬ የሚፈታው በምንድነው?

ሚያዝያ 16፣ 2014 ሴዎል የተባለችው መርከብ ጂንዶ አጠገብ ሰጠመች። 304 ሰው ሞተ፣ ከነዚህ 250ው ከአንሳን ከተማ የዳንዎን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። አምስቱ አስከሬናቸው አልተገኘም። ወላጆች ፔንግሞክ ወደብ ላይ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አድርገው ለወራት ኖሩ። አማቴ ሩዝ እየጠቀለሉ ይዘው ይሄዱ ነበር፣ አብሬያቸው ሄጃለሁ። በወደቡ ግንብ ላይ ቢጫ ሪባን ነበር፣ እልፍ። አንድ ሰው አዲስ የስፖርት ጫማ አስቀምጧል፣ ዋጋው ገና አልተነሣም። ልጁ ግዛልኝ ያለው ይሆናል።

እነዚያ ወላጆች ሃን የሚለውን ቃል ሲሉ ሰምቻለሁ። ከሱ ቀጥሎ ግን ሁልጊዜ ሌላ ቃል ይመጣ ነበር፣ «ጂንሳንግ ክዩሚዮንግ»። እውነቱ ይገለጥ ማለት ነው። መርከቧ በ2017 ወጥታ እዚሁ ሞክፖ አዲሱ ወደብ ላይ ቆማለች፣ ዝጋለች። ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጥቅምት 29፣ 2022 በሶል ኢቴዎን ሰፈር ጠባብ ጎዳና ላይ 159 ሰው በግፊያ ሲሞትም ያው ጥያቄ ተነሳ። ያቺ «ደሜ አይደለም» ያለችኝ ልጅ በትንሽ ወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋ መጣች። ምን እንደጻፈች አልጠየቅኳትም።

በኔ እይታ የዛሬው ጎፑሪ ይህ ነው። ኪም ሃክሱን በነሐሴ 14፣ 1991 በጃፓን ጦር ለወሲብ ባርነት ተወስዳ የደረሰባትን በአደባባይ ተናገረች። ከጥር 1992 ጀምሮ በየረቡዑ ሶል ሰልፍ ይወጣል። እንደሷ የተወሰዱትን የምታስታውሰውን የልጅቷን ሐውልት ስታዩ ተረከዟን ተመልከቱ፣ መሬት አይነካም። ተመልሳም ማረፊያ አላገኘችም። አጠገቧ ባዶ ወንበር አለ፣ እንድትቀመጡበት ነው። ቅጂው በብዙ ከተሞች አለና የሚቀርባችሁ ጋ ሂዱ።

ጄጁ ደሴት ለሽርሽር ስትሄዱም አንድ ግማሽ ቀን ለ4.3 (ሚያዝያ 3 ማለት ነው) የሰላም መናፈሻ ተውለት። ከ1947 እስከ 1954 በደሴቱ ከ25,000 እስከ 30,000 ሰው እንደተገደለ ይገመታል፣ አብዛኛው በመንግሥት ኃይል። ለአሥርት ዓመታት ማውራት እንኳ ያሳስር ነበር። ፕሬዚዳንት ሮ ሙህዮን በጥቅምት 2003 ይቅርታ ጠየቁ። በመታሰቢያ አዳራሹ ውስጥ አንድ ነጭ ድንጋይ ተጋድሟል። ቤክቢ ይባላል። ምንም አልተጻፈበትም። ለተፈጸመው ነገር ትክክለኛ ስም ሲገኝለት ይጻፍበታል፣ ይቆማልም። እስከዚያ እንደተኛ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዴ ቋጠሮው አካል ይይዛል። ኮሪያውያን «ህዋብዮንግ» ይሉታል፣ የእሳት በሽታ። ደረት ይጨንቃል፣ ፊት ይግላል፣ ጉሮሮ ላይ ጓጉሎ የቆመ ነገር አለ፣ ትንፋሹ ሁሉ እህህ ነው። በብዛት ለዓመታት የቻሉ ሴቶች ላይ ይታያል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 መመሪያው ስሙን ከነኮሪያኛው አስገብቶታል። እንዲህ ያለ ምልክት ስታዩ ማዳመጥ ብቻ አይበቃም፣ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው።

የአማቴ ደብተር

በጎመኑ ማታ ያቋረጥኩትን ታሪክ ሙሉውን የሰማሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ ያው በረንዳ ላይ፣ ያው ሥራ ላይ። ሁለተኛ ክፍል ሳሉ ነው ከትምህርት ቤት የወጡት። ወንድማቸው እንዲማር። ታናናሾቻቸውን አዝለው በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ይቆሙ ነበር፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲያነቡ ለመስማት። ኋላ ሞክፖ ዓሣ ገበያ ሠላሳ ዓመት ሸጡ። መጻፍ ስለማይችሉ የዱቤ ደብተራቸው ሥዕል ነው። መነጽር የሥጋ ቤቱ ሰውዬ ነው። ሁለት ክብ ጉንጭ ያላት ፊት የሩዝ ነጋዴዋ ሚስት። ከሥዕሉ ጎን ጭረት፣ አንዱ ጭረት 1,000 ዎን።

ኮሪያ ውስጥ ለእንዲህ ያሉ እናቶች የፊደል ትምህርት ክፍሎች አሉ። የቺልጎክ ወረዳ አያቶች ዘግይተው የተማሩት እጅ ጽሑፍ በ2020 የኮምፒውተር ፊደል ሆኖ ወጥቷል፣ ማንም ያውርደዋል። አማቴን ሳሳያቸው ስልኩን ተቀብለውኝ ብዙ አዩት። «ይቺ እኮ እጇ ይንቀጠቀጣል» አሉ። በሚቀጥለው ሰኞ ሰፈራችን ያለው የበጎ አድራጎት ማዕከል ወስጄ አስመዘገብኳቸው። 72 ዓመታቸው ነበር።

በዓመቱ ለሞቱት እናታቸው ደብዳቤ ጻፉ። ክፍል ውስጥ ቆመው አነበቡት። እኔና ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጠን ነበር። ሦስተኛው መስመር ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። ከጎናቸው የነበሩት አሮጊት ጠረጴዛውን መታ አድርገው «ክሮቺ!» አሉ። ቀጠሉ።

ባለፈው ክረምት ቤታቸው ስገባ ያን የዱቤ ደብተር ዘርግተው አገኘኋቸው። በእርሳስ፣ በየሥዕሉ ሥር፣ የሰዎቹን ስም እየጻፉ ነው። ብዙዎቹ ሞተዋል፣ ዕዳቸውንም ማንም አይጠይቅም። አንድ ገጽ ላይ ጃንጥላ የያዘች ሴት አለች፣ ከጎኗ አራት ጭረት። እሷን ማስታወስ አልቻሉም። መነጽራቸውን አውልቀው ቆዩ። ከዚያ ሥዕሉ ሥር አንድ መስመር አሰመሩና ባዶውን ትተው ገጹን ገለጡ።